ደረጃው ይወቀር

እኛ ሰዎች ለስላሳ ነገር ስንወድ ለጉድ ነው። መንገዱ ለስላሳ ይሁንልን እንላለን። ፊታችን እንዲለሰልስ ስሙን እንኳ አስተካክለን የማንጠራውን ቅባት እንለቀለቃለን። ሚስት ሲፈለግልን «እንዴት ያለች ለስላሳ ልጅ መሰለችህ» እንባላለን። እንግዳ ቤታችን ሲመጣ ደግሞ «ለስላሳ ይሁንልዎት ወይስ ውሃ?» ብለን እንጠይቃለን። ጠርሙሱን ከፍቶ ለቀመሰው ግን ያ መጠጥ አፍንጫን እየቆነጠጠ፣ ጉሮሮን እየቧጨረ ነው የሚወርደው። ለስላሳ ብሎ ስም ያወጣለት ሰው ወይ ጠጥቶት አያውቅም፣ ወይ ደግሞ እንደ ሁላችንም ቃሉን ከመውደዱ የተነሳ የማይገባበት ቦታ አስገብቶታል። ሻካራ የሚለው ቃል በአንጻሩ ወዳጅ የለውም። ሻካራ እጅ፣ ሻካራ ድምፅ፣ ግንኙነታቸው ሻከረ። ደግ ነገር ለመናገር ብሎ ሻካራ የሚለውን ቃል የተጠቀመ ሰው ካያችሁ እባካችሁ ጥሩኝና ልየው።

እኔ በሙያዬ ጫማ ሻጭ ነኝ። አየር ጤና ከታክሲ ተራው ጀርባ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ፤ እዚያ ቁጭ ብዬ ሰው ጫማ ሲገዛ የሚያደርገውን ስመለከት ኖሬያለሁ። ያነሳዋል፣ ፊቱን በእጁ ይደባብሰዋል፣ ወደ ብርሃኑ አዙሮ ያብለጨልጨዋል፣ አድርጎት መስታወት ፊት ይቆምና እግሩን ወደ ጎን ወርወር ያደርጋል። ገልብጦ ሶሉን የሚያይ ከስንት አንድ ነው። መሬት የሚነካው እኮ ሶሉ ነው። ፊቱ ለሰው ነው፣ ታቹ ለራስ። ይህንን ለደንበኛ ብናገር «ይሄ ሰውዬ ያልተሸጠለትን ሊያሸክመኝ ነው» ስለሚል ዝም እላለሁ።

ተማሪ ሳለሁ የሳይንስ አስተማሪያችን ስለዚህ ነገር አስጽፈውን ነበር። ሁለት ነገሮች ተነካክተው አንዱ በሌላው ላይ ሲንሸራተት «ቆይ፣ ወዴት ነው?» ብሎ የሚይዘው ኃይል ሰበቃ ይባላል አሉን። ወለሉ ሲሻክር ሰበቃው ይበረታል፣ ሲለሰልስ ይደክማል፣ ውሃ ወይም ዘይት መሃል ሲገባበት ደግሞ ጭራሽ ወገቡ ይቆረጣል። ማታ ጮክ ብዬ ሳጠና እናቴ ሰማችኝ። እኛ ቤት መስበቅ ማለት ሰውን ከጀርባው ማማት፣ ነገር ማመላለስ ነው። «ደግሞ ሰበቃንም ማስተማር ጀመሩ? እሱንስ ሰፈሩ ይበቃችሁ ነበር» አለችኝ። አስተማሪያችን ካሉት ሁሉ ግን አንድ ነገር አልረሳሁም፤ ስንራመድ እግራችን መሬቱን ወደ ኋላ ይገፋል፣ መሬቱ አልገፋም ይላል፣ ወደ ፊት የምንሄደው በዚያ እምቢታ ነው ብለውናል። ለፈተና ብዬ ሸመደድኩት። የገባኝ ግን ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ በኋላ ነው፣ እሱም በጋሽ ታምሩ መቀመጫ በኩል።

ጋሽ ታምሩ ከኔ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ጎረቤቴ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ጉልበታቸውን የጨረሱት ከብሎካችን ወረድ ብሎ በሚገኘው ወፍጮ ቤት ነው፤ የራሳቸው ነበር፣ ሲደክማቸው ሸጡት። ሸጡት እንጂ አልተዉትም። በየጠዋቱ ከዘራቸውን ይዘው ይወርዱና ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ካለችው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። እህል ሊያስፈጭ የመጣ ሁሉ «ጋሽ ታምሩ፣ እስቲ ይዩልኝ» ብሎ ትኩሱን ዱቄት ይዘረጋላቸዋል። በሁለት ጣታቸው ቆንጥረው ያሻሉ፣ ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጋሉ፣ ከዚያ ፍርድ ይሰጣሉ። ወይ «ልሟል» ነው፣ ወይ «አልላመም» ነው። አልላመም ካሉ ወደ ውስጥ ዞር ይሉና «ድንጋዩ ለስልሷል፣ ውቀሩት» ይላሉ።

መውቀር ምን እንደሆነ ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ እኔም ያወቅኩት ከሳቸው ነው። የወፍጮ ድንጋይ ብዙ ሲፈጭ እርስ በርሱ እየተላላሰ መስታወት ይሆናል። መስታወት የሆነ ድንጋይ እህል አይዝም፤ ጤፉ በመሃላቸው ሾልኮ፣ ሞቆ ብቻ ይወጣል። ስለዚህ ወፍጮው ይቆምና ድንጋዩ ይነሳል፤ ፊቱ ሁሉ በሹል ብረት ጠቅ ጠቅ ተደርጎ እንደገና ሻካራ ይሆናል። ይኸው ነው መውቀር። «ድንጋዩ ሲሻክር ዱቄቱ ይለሰልሳል፣ ድንጋዩ ሲለሰልስ ዱቄቱ ይሻክራል» ይላሉ ጋሽ ታምሩ። እኔ ይህንን ሲሉ ስሰማ ስለ ዱቄት ብቻ የሚያወሩ ይመስለኝ ነበር። እሳቸውም እንደዚያው ይመስላቸው ነበር።

ወደ ደረጃው ልምጣ። ብሎኩን ስንረከብ ደረጃችን ሊሾ እንኳ ያልነካው ደረቅ ሲሚንቶ ነበር። ጫማ ይበላል፣ አቧራ ይይዛል፣ ሲጠርጉት ያስነጥሳል፣ የሚያማምሩ እንግዶች ሲመጡ ያሳፍራል። ቢሆንም ማንንም ጥሎ አያውቅም። ታዲያ ከፊት ለፊታችን ያለው ብሎክ አንድ ቀን ደረጃውን ፊት የሚያሳይ ሴራሚክ አለበሰው። ከዚያ በኋላ የኛ ሰው ሲወጣም ሲወርድም ያየው የነበረው የራሱን ደረጃ ሳይሆን የጎረቤትን ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ይመስለኛል።

የብሎካችን ሰብሳቢ አቶ ፍቅሬ ይባላሉ። ስለሳቸው ክፉ ነገር የሚናገር ሰው አታገኙም፤ ምላሳቸው ቅቤ ነው። የውሃ ፓምፑ ተበላሽቶ ሰው ጀሪካን ይዞ ሊጣላ ሲወርድ እንኳ፣ ከሳቸው ጋር ጥቂት ካወራ በኋላ ባዶ ጀሪካኑን ይዞ እየሳቀ ይመለሳል። ስብሰባ ጠሩንና ስለ ውበት፣ ስለ ንጽህና፣ ስለ ልጆቻችን አስተዳደግ ሳይቀር ተናገሩ። ንግግሩ ሲያልቅ ሲሚንቶ ላይ ልጅ ማሳደግ ኃጢአት መስሎ ታየን።

የተቃወሙት እትዬ አስካለ ብቻ ናቸው። እትዬ አስካለ ምድር ቤት፣ ልክ የደረጃው ጫፍ ላይ ነው በራቸው። ሰላምታቸው ሳይቀር ግልምጫ አለበት፤ «እንዴት አደርክ» ሲሉ ያጠፋኸው ነገር ያለ ይመስልሃል። ያን ቀንም ብድግ አሉና «ክረምት ሲገባ አጥንታችሁን ትለቅማላችሁ» አሉ። አንዱ ከኋላ «እርስዎ ምን ቸገረዎት? ምድር ቤት ነው ያሉት፣ ደረጃ አይወጡ» አላቸው።

«ስትወድቁ የምትቆሙት እኔ በር ላይ ነዋ» አሉት።

ሳቅን። ሁልጊዜ ሲቆጣ የሚያውቁት ሰው እውነት ሲናገር ልዩነቱን አይለዩለትም። ነገሩን የዘጉት ግን ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? ጋሽ ታምሩ። ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱና «ልጆቼ፣ እኔ ዕድሜ ልኬን ሻካራ ድንጋይ ሳይ ኖሬያለሁ። እስቲ በእርጅናዬ ለስላሳ ልርገጥ» አሉ። ከዚያ በላይ ማን ይከራከራል? እጃችንን አወጣን፣ ደረጃው ሴራሚክ ለበሰ።

እውነቱን ለመናገር አምሮብን ነበር። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጫማቸውን አውልቀው የሚወጡ ሰዎች አይቻለሁ። አንዲት ከላይኛው ፎቅ የተዳረች ልጅ ፎቶዋን ደረጃው ላይ ተነሳች። አቶ ፍቅሬ ከፊት ለፊት ብሎክ ሰዎች ጋር ሲገናኙ ሰላምታቸው ረዘም ያለ ሆነ። ጋሽ ታምሩም ሲወርዱ ሴራሚኩን በከዘራቸው ጫፍ መታ መታ ያደርጉና «ይሄ እንኳ ልሟል» ይሉ ነበር።

ከዚያ ክረምቱ ገባ። የኮልፌን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ዝናቡ ከላይ ይመጣል፣ ጭቃው ከታች፣ ሁለቱም በጫማ ተሳፍረው ቤት ይገባሉ። አንድ ጠዋት በሬ ላይ ከባድ ነገር ሲንሸራተት ሰማሁ። ስከፍት ጋሽ ታምሩ ደረጃው መዞሪያ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። እግራቸው ቀድሟቸው፣ ከሦስተኛ ፎቅ እስከኔ በር በመቀመጫቸው ነው የመጡት። ፊታቸው ላይ ከሕመሙ ይልቅ ግርምት ነበር።

«ከዘራዬስ?» አሉኝ።

«እሱ ቀድሞ ወርዷል፣ ጋሼ።»

ከታች እትዬ አስካለ ከዘራውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። «ይኸው፣ እኔ በር ላይ ቆመ» አሉ፣ ግን ድምፃቸው እንደ ልማዱ አልነበረም። ለስላሳ ምላስ አጥንት ይሰብራል ይባላል፤ ለስላሳ ደረጃ ግን የዚያን ዕለት እግዜር ይዞልን አልሰበረም። ሐኪሙም ወጌሻውም የተናገሩት አንድ ነው፤ ገጭቷቸዋል፣ ያልፋል አሉ። አለፈም። የጋሽ ታምሩ አጥንት ደህና ሆነ፣ ድፍረታቸው ነው የተሰበረው።

ከዚያ ወዲህ አልወረዱም። ጠዋት በራቸው ሲከፈት እሰማለሁ። ጥቂት ቆይቶ ይዘጋል። አንድ ቀን ወጥቼ አየኋቸው፤ ኮታቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ የመጀመሪያዋን ደረጃ ቁልቁል እያዩ ቆመዋል። ሲያዩኝ «አየሩን ላየው ብዬ ነው» አሉኝ። ደረጃው ላይ ምን አየር አለ? ዝም ብዬ «ጥሩ አደረጉ» አልኳቸው። የወፍጮ ቤቱ ሰዎች ቢናፍቋቸው ጊዜ በኔ በኩል ዱቄት በፌስታል ይልኩላቸው ጀመር። ያሻሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ «ለስልሷል፣ ውቀሩት በላቸው» ይሉኛል። መልእክቱን አደርሳለሁ። ሰውየው ሳይወርዱ ፍርዳቸው ሲወርድ አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ ብሎኩ ምክንያት ፍለጋ ወጣ። ደረጃውን ማንም አልነካውም፤ አዲስ ነዋ፣ ያምራላ። ጥፋቱ የጫማው ሆነ። ጫማውን የሸጠው ማነው? እኔ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ለመገላገል ብዬ ጥርሱ ጠለቅ ያለ፣ ጎማ ሶል ያለው ጫማ ወሰድኩላቸው። አደረጉት፣ በሩ ድረስ መጡ፣ ደረጃውን አዩት፣ አወለቁት። ሌላው ምንጣፍ እናንጥፍ አለ። ተነጠፈ፣ ምንጣፉ ራሱ ሴራሚኩ ላይ ተንሸራቶ ሌላ ሰው ጣለ። ሰጋቱራ ተበተነ፣ ሰጋቱራው ውሃ ጠጥቶ ገንፎ ሆነ። አቶ ፍቅሬ «በጥንቃቄ ይራመዱ» የሚል ማስታወቂያ አሠርተው ለጠፉ፤ እሱም በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ነበር።

ይህን ጊዜ ነው ሰላማዊት የመጣችው። ሰላማዊት የጋሽ ታምሩ ልጅ ናት፣ ትዳሯ ሳንሱሲ ነው። መልካም ልጅ ናት፤ ችግሩም ይኸው ነው፣ ክፉ ብትሆን መጣላት ይቻል ነበር። «አባዬ፣ እኔ እንቅልፍ አጣሁ። የኛ ግቢ ምድር ላይ ነው፣ ክፍልህ ተዘጋጅቷል። ይሄን ቤት እናከራየዋለን። የሚቀጥለው ቅዳሜ መኪና ይዤ እመጣለሁ» አለቻቸው። ጋሽ ታምሩ «እሺ ልጄ» አሉ። ሌላ ምን ይበሉ? ቤት ተዘግቶበት ያለ ሰው ቤቴን አልለቅም ቢል ማን ይሰማዋል?

እሷ ከሄደች በኋላ ዱቄት ይዤ ገባሁ። አላሹትም። ፌስታሉን ጭናቸው ላይ አድርገው ቁጭ አሉ።

«ሳንሱሲ ጥሩ ነው» አሉኝ ቆይተው። «ግቢው ሰፊ ነው፣ አበባ አለው፣ የልጅ ልጆቼም አሉ። ግን እዚያ የሰላማዊት አባት ነኝ። እዚህ ታምሩ ነኝ። ስወጣ ዱቄቴን ይዩልኝ የሚለኝ ሰው አለ። ዱቄት የማያይ ታምሩ ምን ያደርጋል?»

ወርጄ ለአቶ ፍቅሬ ነገርኳቸው። አዘኑ፤ ማዘንስ ያውቁበታል። እሑድ ከሰዓት ስብሰባ ተጠራ። ጋሽ ታምሩ መውረድ ስላልቻሉ ስብሰባው እሳቸው ሳሎን ሆነ፤ እኛ ለስላሳውን ደረጃ ግድግዳ ግድግዳውን እየያዝን፣ እንደ ሕፃን እየተቆጠብን ወጣን። እንዲህ ሲወጣ ሰው ምን ኩራት ይቀረዋል! አንዷ ጎረቤታችን ከቸርች በቀጥታ በተረከዝ ጫማ መጥታ ስለነበር በባዶ እግሯ ነው የገባችው።

ብዙ ተባለ። ሊፍት ይግባ ያለ አለ፣ በምን እንደሚገባ ሳይናገር ተቀመጠ። በመጨረሻ ጋሽ ታምሩ ጉሮሮአቸውን ጠረግ አደረጉና በዚያ በደከመ ድምፅ፣ «እኔ እንግዲህ አንድ ነገር ልበል። ደረጃው ይወቀር» አሉ።

አቶ ፍቅሬ ወፍጮ ቤት ገብተው አያውቁም፤ ዱቄት የሚያውቁት ታሽጎ ነው። ጆሯቸው የሰማው የሚያውቀውን ቃል ነው። ተነሱ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«ጋሽ ታምሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ደረጃው ይወቀስ አሉን። እኛን ላለማስቀየም ብለው ወቀሳውን ሁሉ ደረጃው ላይ ጣሉልን። ግን ወገኖቼ፣ ወቀሳ ምን ይጠቅማል? ዛሬ ደረጃውን ብንወቅስ ነገ ያነጠፈውን እንወቅሳለን፣ ከነገ ወዲያ እርስ በርሳችን እንወቃቀሳለን። ከወቀሳ ይልቅ ይቅርታ፣ ከይቅርታ ይልቅ ፍቅር…» ብለው ጀመሩ።

ንግግሩ ያምር ነበር። ቃሌን ልስጥ፣ እኔ ራሴ ይወቀር መባሉን በጆሮዬ ሰምቼ ሳለ፣ እሳቸው መሃል ላይ ሲደርሱ ይወቀስ የተባለ መስሎኝ ነበር። ያቺ ባዶ እግሯን የመጣችው ጎረቤታችን «አሜን» አለች። አንዳንዶቹ ዓይናቸው ረጠበ። ጋሽ ታምሩ ደግሞ ሰውን በንግግሩ መሃል ማቋረጥ ከማይቻልበት ዘመን የመጡ ስለሆኑ አንገታቸውን ደፍተው ያዳምጣሉ። ሁሉም በይቅርታና በፍቅር ሊበተን፣ ጋሽ ታምሩም በፍቅር ተጭነው ሳንሱሲ ሊሄዱ ምንም አልቀረም ነበር። ነገሩ ሁሉ እየሾለከ ነበር፣ የሚይዘው ሻካራ ነገር አልነበረም።

«አንተ ፍቅሬ» አሉ እትዬ አስካለ ከበሩ አጠገብ።

አቶ ፍቅሬ ንግግራቸውን አቋረጡ።

«ይወቀር ነው ያሉት። ይወቀር። እንደ ወፍጮ ድንጋይ በብረት ይወጋ፣ ይሻክር፣ እግር ይያዝ ማለታቸው ነው። አንተ እዚህ ታለቃቅስብናለህ። የደረጃውስ የደረጃ ነው፣ መጀመሪያ መወቀር የነበረበት ያንተ ምላስ ነው።»

ከዚያ ጋሽ ታምሩ ሳቁ። ከወደቁ ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ነው። እሳቸው ሲስቁ እኛም ሳቅን፣ አቶ ፍቅሬም ጥቂት ቀልተው ሳቁ። ሰውየው ቂም አያውቁም፤ ቂምም ለመያዝ እኮ ትንሽ መሻከር ይፈልጋል።

እንግዲህ ጋሽ ታምሩ ሁሉን ያውቃሉ ብላችሁ እንዳትቸኩሉ። በነጋታው የድሮ ብረታቸውን ከአልጋ ሥር አወጡ፣ በራቸው ላይ ተቀመጡ፣ የመጀመሪያዋን ደረጃ ጠቅ አደረጓት። ሴራሚኩ ከዳር እስከ ዳር ለሁለት ተሰነጠቀ። ድምፁ አቶ ፍቅሬን ከቤታቸው አወጣቸው። ጋሽ ታምሩ ብረቱንም ስንጥቁንም ተራ በተራ አዩና «ይሄ ድንጋይ አይደለም ለካ። ይሄ ሳህን ነው» አሉ። ቅዳሜ እየቀረበ ነበር።

መፍትሔው ሴራሚኩን ያነጠፈው ሠራተኛ ሆነ። በመቁረጫ ማሽን ጫፍ ጫፉን ማስመር ይቻላል አለ፤ ግን ከቅዳሜ ጠዋት በፊት ጊዜ የለኝም አለ። ቅዳሜ ማልዶ መጣ። ማሽኑን እየሰካ «በሕይወቴ ያለሰለስኩትን ላሻክር ስጠራ የመጀመሪያዬ ነው» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ጋሽ ታምሩ ግን ዝም ብለው አላስቆረጡትም። ዱካ በምትባለው ዝቅተኛ መቀመጫ ላይ ተቀምጠው የእያንዳንዷን ደረጃ ጫፍ በጠመኔ አሰመሩ፣ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ሰያፍ አድርገው። «ቀጥ ካለ ውሃው ይተኛበታል፤ ሰያፍ ከሆነ ይወርዳል» አሉ። የድንጋዩን ቦይ እንዲህ ነበር የሚያወጡት። ማሽኑ ጮኸ፣ ነጭ አቧራ ተነሳ፣ ብሎኩ በሙሉ ሳለ።

የመጀመሪያዋ ደረጃ ስታልቅ እትዬ አስካለ በጆግ የሳሙና ውሃ ይዘው መጥተው ቸለሱባት። «በደረቁማ ማንም ይቆማል» አሉ። ሁላችንም ጋሽ ታምሩን አየን። ያንን ጎማ ሶል ጫማ አድርገዋል። ተነሱ። ከዘራቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ። እኔ ክንዳቸውን ያዝኩ።

«ልቀቀኝ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሆነ…»

«አንተ ከያዝከኝ ደረጃው መያዙን በምን አውቃለሁ?»

ለቀቅኳቸው። እግራቸውን አወረዱ። ጫማው ሴራሚኩን ሲነካ ቅርጭ የሚል ድምፅ ሰማን። እግራቸው ትንሽ እንደ መሄድ ሲል ደረጃው እምቢ አለው። ቆመው ቀሩ። አስተማሪዬ ስለ እምቢታ ያሉትን ያኔ በዓይኔ አየሁት፤ እንባዬም መጣ፣ በአቧራው አሳበብኩ። ከዚያ ዱካው አንድ ደረጃ ወረደ፣ ጠመኔው ወረደ፣ ማሽኑ ወረደ፣ ጋሽ ታምሩም ወረዱ። አንዷን ሠርተው እሷ ላይ ይቆማሉ፣ እሷ ላይ ቆመው ቀጣይዋን ያሰምራሉ። የኔን በር ሲያልፉ ሚስቴ ውሃ ሰጠቻቸው። ፀጉራቸው፣ ቅንድባቸው፣ ኮታቸው ሁሉ ነጭ ሆኗል። ወፍጮ ቤት በነበሩ ጊዜ የሚመስሉት እንዲሁ ነበር።

ሰላማዊት ፒክ አፕ ይዛ ስትመጣ እኩለ ቀን ሆኗል። በግቢው ስትገባ አባቷ እትዬ አስካለ በር ላይ፣ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው እግራቸውን ፀሐይ ያሞቃሉ። መጀመሪያ አላወቀቻቸውም። ሲገባት ደነገጠች።

«አባዬ! ማን አወረደህ?»

«ማንም አላወረደኝም» አሉ። «ወረድኩ።»

ወደ ደረጃው ሄደች። ወጣች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ወጣች። የጫማዋ ተረከዝ አንዱ ቦይ ላይ ያዝ ሲያደርጋት ዝቅ ብላ በእጇ ዳሰሰችው። ተመልሳ አባቷ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለች፣ ቀሚሷ ነጭ ሆነ፣ ግድ አልሰጣትም። ልጅቷም ፈርታ ነበር እኮ፤ እኛ የጋሽ ታምሩን ፍርሃት ስናይ የሷን ማን አየላት?

«እና ሳንሱሲ አትመጣም ማለት ነው?» አለች በመጨረሻ።

«እንዴት አልመጣም? እመጣለሁ እንጂ» አሉ፣ ከቀሚሷ ላይ አቧራውን እያራገፉ። «እስከ ዛሬ ልትወስጂኝ ነበር። አሁን በእግሬ እመጣለሁ፣ በእግሬ እመለሳለሁ።»

ፒክ አፑ ባዶውን ተመለሰ። እትዬ አስካለ ከኋላው «ነዳጅ ማባከን» አሉ፣ በዚያ በግልምጫቸው። ሰላማዊት ግን ከመሄዷ በፊት አንገታቸውን አቅፋ ስማቸዋለች፣ እሳቸውም ዝም ብለው ተስመዋል።

አሁን ደረጃችን እንደ ድሮው አያምርም። ቦዩ ውስጥ ጭቃ ይገባል፣ ሲጠርጉት ያስቸግራል፣ መልክ ታጥቦ አይጠጣም ብለን ተጽናንተናል። አቶ ፍቅሬ ለእንግዳ ሲያስጎበኙ «ይሄ ዲዛይኑ ነው» ይላሉ፤ የፊት ለፊት ብሎክ ሰዎችም ሰምተው እንዲያ ያለ ዲዛይን የሚያወጣውን ሰው አድራሻ ጠይቀዋል። በብሎካችን የተደናቀፈ ሰው ሁሉ «ደረጃው ይወቀስ» ማለት ለምዷል። እትዬ አስካለ ደግሞ ሽቅብ ቁልቁል ስል ደረጃው ጫማዬን ጨረሰው ብለው ሊጣሉኝ ሱቄ ድረስ መጥተው፣ ጫማውን ገልብጠው ሶሉን ያዩ ብቸኛዋ ደንበኛዬ ሆነዋል።

ዝናብ ባለበት ጠዋት ቁርስ ላይ ተቀምጬ ከላይ በር ሲከፈት እሰማለሁ። አይዘጋም። ከዚያ ቅርጭ፣ ቅርጭ፣ ቅርጭ እያለ በበሬ በኩል ያልፋል፣ ወደ ወፍጮ ቤቱ ይወርዳል። ደግ ነገር ለመናገር ሻካራ የሚለውን ቃል የተጠቀመ ሰው ካያችሁ ጥሩኝ ብያችሁ ነበር። አትድከሙ። ሻካራ ድምፅ ነው፣ እሱን ሳልሰማ ሻዬን አልጨርስም።